የኮሩ ጥቅሻ

ሳንጃ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰማኸኝ፤

ያሳደገህን አጎትህን «ለሽፍታ በባትሪ ምልክት ይሰጣል» አሰኝተህ ከቤቱ አስወጣኸው። የበደልኸኝ ይህ ነው፤ አሳጥሬም አስረዝሜም አልጠራውም። በዚህ ደብዳቤ ላይ ሰላምታ የለም። ለአንተ ሰላምታ የምጽፍበት ቀን ከመጣ እጽፈዋለሁ።

ልጄ የዓለምወርቅ ስልኳን ይዛ እየመጣች «አባባ፣ ሰማኸኝ ነው፣ አናግረው» ትለኛለች። ለምን እንደማላናግርህ ጠይቀሃታል። በስልክ የተነገረ ይካዳል፤ አንተ ደግሞ ከአፍህ የወጣ ቃል የት እንደሚደርስ የማታውቅ ሰው መሆንህን አሳይተሃል። ስለዚህ ጻፍ። ሾፌሩ ወንድማገኝ ሚኒባሱን ይዞ እናንተ ዘንድ ይመላለሳል፤ ደብዳቤ ላድርስልዎ ብሎኛል።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ በወረቀት ይቀመጥ። ከአለምሰገድ ሰሊጥ እርሻ አንድ የትራክተር ነጂ በሽፍታ ተወሰደ። ሰው ፈራ፤ መፍራቱ አያስነቅፍም። ከዚያ «ባለፈው ክረምት ሲመሽ በረግረጉ፣ በኮሩ ሣር ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ነበር፤ ሽፍታ ያን ጊዜ ነው መንገዱን ያጠናው» የሚል ወሬ ተነሣ። የቀበሌው ኮሚቴም የእርሻው ተቆጣጣሪ ነህና አንተን ጠርቶ «አጎትህን እዚያ አይተኸው ታውቃለህ?» አለህ። «በባትሪ ሲጠቅስ አይቼዋለሁ» አልህ።

እውነት ነው፤ ስጠቅስ አይተኸኛል። ከጎኔ ተቀምጠህ አብረኸኝም ጠቅሰሃል። በእኛ ቤት ጥቅሻ ምን እንደሆነ የማያውቅ ድመት እንኳ የለም። አብሪ ጢንዚዛው እየበረረ ይጠቅሳል፤ ሴቲቱ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ትመልስለታለች። ሰው ባትሪውን በመዳፉ ሸፍኖ እንደ ሴቲቱ ከጠቀሰ ወንዱ ይሞኝና መጥቶ እጁ ላይ ያርፋል። ይህን ያሳየሁህ እኔ ነኝ፤ «ጥቅሻ» ያልነውም እኔና አንተ ነን። በኮሚቴ ፊት ግን ጠቀሰ ማለት ሰው ጠራ ማለት ነው። ጸሐፊው «ለሽፍታ ምልክት ሲሰጥ ታይቷል» ብሎ ጻፈው። አነበበልህ። አለምሰገድ ከጎንህ ቆሞ ነበር። አንተም ዝም አልህ።

ቃሉን አልተቀየምሁም፤ ቃል ያመልጣል። የተቀየምሁት ዝምታህን ነው። ዝምታ አያመልጥም፤ ሰው አፉን ይዞ ነው ዝም የሚለው።

አሁን በዋስ ተለቅቄ ልጄ ቤት ነኝ። ኮሚቴው በሐምሌ ተቀምጦ እስኪወስን ድረስ ኮሩ አጠገብ እንዳልደርስ ታዝዣለሁ። ከወሰኑብኝ ቤቴም ይሄዳል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ማረሻ ሳላስነካ ያቆየሁት የኮሩ ዳር ሣርም የአለምሰገድ ሰሊጥ ይሆናል።

እንግዲህ ስማኝ። ምስክሮቼ ከመሬት በታች ናቸው። ጢንዚዛው ገና ትል ሳለ በኮሩ ጭቃ ውስጥ ቀንድ አውጣ እየበላ ይኖራል። ከብቶቻችንን ከቀንድ አውጣ የሚመጣው የጉበት በሽታ ለምን እንደማይደፍራቸው ጎረቤት ይገረም ነበር፤ እኔ ከዚህ ነው ባይ ነኝ። ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚሊሺያውን አዛዥ ደረበን ይዘህ ወደ ኮሩ ውረድ፤ በፊቱ ጥቀስና የሚመልስልህን ይይ። እስከዚያ ሣሩን ትራክተር እንዳይነካው። የትራክተሩ ቁልፍ ያለው በአንተ እጅ ነው።

አጎትህ ጌጡ


መተማ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎት? የዓለምወርቅና ልጆቿስ? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ውቢት እጅ ነስታለች፤ ሕፃኗም ጠንክራለች። ላምዎ ወለደች፤ ጥጃዋ የእናቷን ግንባር ይዛ ወጥታለች። እርስዎ ሰላምታ ባይጽፉልኝም እኔ እጽፋለሁ፤ ይህን አይከለክሉኝም።

ሲነበብልኝ ዝም ማለቴን ተቀይመዋል። አለምሰገድ በጆሮዬ «የአጎትህ ነገር በሽማግሌ ያልቃል፤ አንተ ሥራህን ያዝ» አለኝ። አመንኩት። ውቢት ልትወልድ ቀኗን እየጠበቀች ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

መውጫ ግን አግኝቻለሁ። ደረበን በዘዴ አናገርኩት። «አያ ጌጡ አህያ ጠፍቶባቸው በባትሪ ሲፈልጉ ነበር ካሉ በቃ፣ ነገሩ ያልቃል» አለኝ። ሽማግሌዎቹም ይቀበላሉ። አንድ ቃል ነው አጎቴ፤ በሳምንቱ ቤትዎ ይገባሉ።

የጢንዚዛውን ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁብኝ። «ትል ባትሪ ይዞ ይዞራል?» አለ ደረበ። «ምን ይታወቃል፣ ዘንድሮ ትሉም ታጥቋል» አለው አንዱ። በድፍን ቀበሌው አሁን ስሜ «የትሉ ጠበቃ» ሆኗል።

ሌላም ነገር አለ። አለምሰገድ ከካምፑ ጫፍ፣ በኮሩ ፊት ለፊት፣ ትልቅ ፓውዛ አስተክሏል። ጄኔሬተሩ ሲመሽ ይነሣል፤ እስኪነጋ ሣሩ ቀን ይመስላል። ሠራተኛው «እንቅልፍ የወሰደን አሁን ነው» ይላል። ከወሎና ከጎጃም የመጡት የቀን ሠራተኞች እንኳ ከተከራዩት ቤት ወጥተው ካምፑ ውስጥ ማደር ጀምረዋል።

ስለ ትራክተሩ የጠየቁኝን በሚቀጥለው እጽፋለሁ። ወንድማገኝ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ሰማኸኝ


ሳንጃ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰማኸኝ፤

ለውቢት ሰላምታዬ ይድረሳት። ለሕፃኗ፣ ለላሚቱና ለጥጃዋም።

አህያ የለኝም። የነበረችኝን ጅብ ከበላት ወዲህ ሌላ እንዳልገዛሁ መተማ በሙሉ ያውቃል። አሁን በስተርጅና የሌለች አህያ ላሳድድ? እሺ፣ ውሸቱን ተወው፤ የአንተና የደረበ ብልሃት የት እንደሚያደርስ ግን አላየኸውም። አህያ ስፈልግ ነበር ካልሁ ኮሩ ውስጥ ምንም የለም ማለቴ ነው። ምንም የሌለበትን ሣር ደግሞ ማንም ያርሰዋል። እኔ ቤቴ ገብቼ ጢንዚዛዎቹ ያልቃሉ። በእነሱ ሞት የምገዛው ቤት አልፈልግም።

«ሣር ገለጉ በኩልም ሞልቷል፤ ጢንዚዛው እዚያ አይኖርም ወይ?» ብለህ በየዓለምወርቅ በኩል አስጠይቀኸኛል። ጥያቄው የአንተ ይሁን የአለምሰገድ አላውቅም፤ መልሱ ግን ለሁለታችሁም ይሆናል።

አንድ ጢንዚዛ አይደለም። ሦስት ዓይነት ነው፤ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ነጠላው ከፍ ብሎ እየበረረ አንድ ጊዜ ይጠቅስና ይጠፋል፤ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። ጥንዱ ዝቅ ብሎ በሣሩ ጫፍ ላይ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይጠቅሳል። እነዚህ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ የነጠላዋ ሴት ለጥንዱ ወንድ አትመልስም። ሦስተኛዋ ዘበኛ ያልናት ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ ሳትጠቅስ አረንጓዴ መብራቷን አብርታ ትቆያለች። ወንዷ ይበርራል፤ እሷ ግን ክንፍ የላትም። ከተወለደችበት ብዙ አትርቅም። ያለችበትን ካረስኸው ተነሥታ ሌላ ቦታ አትሰፍርም፤ ከሌላ ቦታም ተነሥታ አትመጣልህም። ገለጉ ሄጃለሁ። ነጠላው እዚያ አለ። ዘበኛዋን አላየሁም። ትራክተር ጠጋኝ ሳለሁ በሄድሁበት እርሻ ሁሉ ሲመሽ ዳር ዳሩን አይ ነበር፤ ያየኋት ከዚህ ኮር ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የለችም አልልም። እኔ አላየኋትም።

ፓውዛው ከሽፍታም የባሰ ነው። ከበሮ በሚመታበት ሠርግ ቤት ሹክሹክታ ማን ይሰማል? ወንዱ ቢጠቅስ ሴቲቱ አታየውም፤ ብትመልስ አያያትም። ሳይገናኙ ክረምቱ ያልፋል፤ እንቁላል አይጣልም፤ ለከርሞ ጭቃው ባዶ ነው። አንተም በዚያ ብርሃን ውስጥ ቆመህ ብትጠቅስ አንድም አይመልስልህ፤ ደረበም የባሰ ይስቅብሃል። ስለዚህ መጥፋት አለበት።

ስለ ትራክተሩ ያልመለስኸውን አይቻለሁ። በወንድማገኝ ሞተር አታሳብብ። ጠይቄዋለሁ። «ጋሼ፣ እኔስ ሞተሬን አጥፍቼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር» ብሎኛል።

አጎትህ ጌጡ


መተማ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታ ለማስረዘም ፊት የለኝም።

የኮሩ የላይኛው ጎን ታርሷል። ከዋርካው እስከ ድንጋዩ ድረስ ያለው። ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ነው ልል ነበር፤ የወንድማገኝን ሻይ ካነበብኩ በኋላ አልልም። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ እያለ ነው የታረሰው። አለምሰገድ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «የአጎትህን ሣር ነው የምትጠብቀው ወይስ የእኔን እርሻ?» አለኝ። ቁልፉን ለነጂው ሰጠሁት።

የታችኛው ጎን እንዳለ ነው። «ጭቃ ሳይሆን እሱንም ጨርስ» ብሎኛል። ጎማው ተበላሽቷል ብዬ አቆይቻለሁ፤ ሁለተኛ ውሸት ግን የለኝም። እዚህም ያለችው የእርስዎ አህያ ብቻ ነች።

ዝናቡ ጀምሯል። ፓውዛውን ማጥፋት ያሉኝ ግን አጎቴ፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ያለውን አያውቁም። በገንዳ ውሃ መንገድ ላይ ሁለት የቀን ሠራተኞች ተወስደዋል፤ እስካሁን አልተመለሱም። ደረበ «መብራቱን ያጠፋ ሰው ለሚመጣው ሁሉ ራሱ ይጠየቃል» ብሏል። ሚሊሺያው ኮሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ማንነቱን ሳይጠይቅ ይተኩሳል። በጨለማ ባትሪ ይዤ እዚያ ብቆም ሽፍታውም ሚሊሺያውም የሚያነጣጥረው እኔ ላይ ነው። ውቢት የጻፉትን አንብባ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም፤ ሂድም አላለችኝ፣ ቅርም አላለችኝ።

ምን ላድርግ?

ሰማኸኝ


ሳንጃ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰማኸኝ፤

ለውቢትና ለሕፃኗ ሰላምታ።

ከዋርካው እስከ ድንጋዩ ያለው የዘበኛዋ ቦታ ነው። ይህን ታውቃለህ፤ አንድ ጊዜ ጻፍሁት፣ አልደግመውም። ታርሷል ብለህ መጻፍህ ግን ከዚህ በፊት ከጻፍኸው ሁሉ ይሻላል።

ምን ላድርግ ብለኸኛል። አላዝዝህም። ጥይት ወዳለበት ሰው በትእዛዝ አይላክም፤ በሳንጃ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማዘዝም የወንድ ሥራ አይደለም። የአህያዋም መንገድ አልተዘጋም። እኔ ባልቀበለው አንተ በስሜ ተናግረህ ልትጨርሰው ትችላለህ፤ ደረበ ይሰማሃል። ያን ካደረግህ ግን ወደዚያ ቤት አልመለስም፤ እዚሁ እቀበራለሁ።

የምትሄድ ከሆነ እንዲህ አድርግ። አስቀድመህ ለኮሚቴው ተናገር፤ በድብቅ የተደረገ ነገር ማረጋገጫ አይሆንም። ደረበ ራሱ ከኋላህ ይቁም፤ ከፊትህ አይሁን። ሰዎቹ መሬት ላይ ይቀመጡ። ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ውረድ፤ ዓይንህ ጨለማውን ይልመደው። ባትሪውን በመዳፍህ ክደነው፣ ብርሃኑ በጣቶችህ መካከል ብቻ ይውጣ፣ ወደ መሬት አስጠጋው። መጀመሪያ አንተ አትጥቀስ። ነጠላው ይጠቅሳል፤ አንድ ትንፋሽ ቆይተህ አጭር መልስለት። ጥንዱን ተወው፤ ከእሱ ጋር ከተጠቃቀስህ ሁለቱም ግራ ይገባቸዋል።

ባትሪውን አታወዛውዝ። ሰው የሚጠራ ያወዛውዛል። ደረበ ይህን ልዩነት በዓይኑ ካየ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ካልሄድህ «አልሄድሁም» ብለህ አንድ መስመር ጻፍልኝ። ምክንያት አትጨምርበት።

አጎትህ ጌጡ


መተማ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወንድማገኝ መንገድ ተዘግቶበት ስለ ዘገየ እንዳልጻፍኩ አድርገው እንዳያስቡ ፈርቼ ነበር። እጄ ደህና ነው፤ ጽሕፈቱ የተበላሸው በጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ነው። ጠረጴዛው የእርሻው ነበር።

ኮሚቴው ፊት ቆሜ «የተጻፈው እኔ ያልኩት አይደለም፤ ሲነበብልኝ ሰምቼ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ» አልኩ። አለምሰገድ «የሰከረ ሰው ቃል ነው» አለ። ደረበ «እንግዲያው አሳየን፤ ካላሳየኸን አንተም ከአጎትህ ጋር ሳንጃ ትገባለህ» አለኝ።

ፓውዛውን ያጠፋሁት በራሴ እጅ ነው። የዚያን ምሽት ሁሉን አልጽፍም። ጄኔሬተሩ ጸጥ ሲል ካምፑ ውስጥ ሰዉ ጮኸ፤ ከኋላዬ አንዱ ጠመንጃውን አቀባበለ፤ ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። ሣሩ ጥቁር ነበር። ምንም የለም። «የታለ ትልህ?» አለ አንዱ። «ፈቃድ ወጥቶ ይሆናል» አለ ሌላው። ደረበ «አፋችሁን ያዙ» አላቸው።

ከዚያ ነጠላው ጠቀሰ። ትንፋሼን ውጬ መለስኩለት። ደግሞ ጠቀሰ። መጥቶ ጣቴ ላይ አረፈ። እሱን እያየን ሳለ ሌሎቹ ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚጠቅስ አላውቅም፤ ኮሩ በሙሉ ተጠቃቀሰ። አንዱ የደረበ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ተቀምጦ ያበራ ጀመር። «አለቃ፣ ያዙት፣ ሽፍታው እጅ ሰጠ» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቀ። ደረበ አልሳቀም። ጠመንጃውን ሳያንቀሳቅስ ቆይቶ «ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ሌሊት ያልተኛሁት?» አለ።

ክሱ ተነሥቷል፤ የሐምሌውን አይጠብቁም፣ ይግቡ ብለዋል። የታችኛው ጎን እንዳይታረስ፣ የላይኛውም እንዳይዘራበት ደረበ ራሱ ለአለምሰገድ ነግሮታል። ፓውዛው ፊቱን ወደ ካምፑ አዙሯል። እኔ ከሥራ ተሰናብቻለሁ። ውቢት አነጋግራኛለች።

ነጠላውን አየሁ፤ ጥንዱንም አየሁ። በላይኛው ጎን ምሽት ምሽት እየወጣሁ የታረሰውን አፈር፣ እልሙን፣ ሳገላብጥ ሰንብቻለሁ። ስለ ማን እንደምጽፍ ያውቃሉ። አላገኘኋትም።

ሲመጡ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ በግ አርጄ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እግርዎ ላይ ልውደቅ። መቼ እንደሚመጡ ይጻፉልኝ።

ሰማኸኝ


ሳንጃ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰማኸኝ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ሌሊቱ፣ ዝናቡ፣ የሕፃኗ ልቅሶ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከደመናው ቀድሞ ይነግረኛል። የዓለምወርቅ ሰላም ብላሃለች፤ ደብዳቤህን ደጋግማ አንብባልኛለች፤ ዓይኔ ሳይደክም ደክሞኛል ብያት ነው።

መንገዱ ከተከፈተ ከወንድማገኝ ጋር በሚመጣው ሳምንት እገባለሁ።

በግ አይታረድም። ሽማግሌ አይሰበሰብም። ድንጋይ የምትሸከምበት ትከሻ ካለህ የቤቱን ጀርባ ግድግዳ ዝናብ ሳይበላው ደግፍልኝ።

የታረሰውን ምን እናድርገው ብለህ ለየዓለምወርቅ ነግረሃታል። ምንም አታድርጉት። ሣር አትትከሉበት፤ ሣሩ መንገዱን ያውቃል። እልሙንም ማገላበጥ ተው፤ ተርፎ ያለ ትል ካለ የምትጨርሰው አንተ ነህ። ትሏ ክንፍ አልባ ሆና ለመውጣት ከአንድ ክረምት በላይ በጭቃ ውስጥ የምትቆይ ይመስለኛል፤ እንደዚያ ከሆነ ዘንድሮ አለመታየቷ መሞቷ ላይሆን ይችላል። ማረሻው ጨርሷትም ይሆናል። አላውቅም፤ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልህም። ለከርሞ በዋርካው ሥር ተቀምጠን እናያለን፤ ከዚያም ለሚቀጥለው። ባትሪ አያስፈልገንም፤ ለእሷ አይጠቀስላትም፣ ትጠበቃለች እንጂ።

አሁን የመጨረሻው። በደልህን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ራስ ላይ ጽፌልሃለሁ። ከዚያ ወዲህ አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁለትም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ቂም ይዤብሃለሁ ብዬም አልጽፍም። ከመኪናው ስወርድ ለማልቀስ አትቸኩል፤ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ውቢት በልቧ ያለውን ትጠይቀኝ ይሆናል፤ ደረበም ጠላ ሲቀምስ ነገር ማንሣት ይወዳል። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው። ያን ነገር ከዛሬ ጀምሮ እስከ መቃብሬ አልጠቅሰውም። አንተም በፊቴ እንዳትጠቅሰው።

አጎትህ ጌጡ